ጠጋ በይ ስባል የተጠጋሁ ቀን

ታክሲ ውስጥ መጨቃጨቅ እወዳለሁ። ብደብቀውም ቂርቆስ ሙሉ ያውቀዋል። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ረዳቱ አራተኛ ሊጨምር "ጠጋ ጠጋ በሉ" ሲል እኔ አልጠጋም፤ ለምን እንደማልጠጋም እስከ ካዛንቺስ ድረስ አስረዳዋለሁ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ የሆነችው እናቴ አብራኝ ከተሳፈረች ሌላ ወንበር መርጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። አላውቃትም ማለቷ ነው።

ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ አለብኝ። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ቦታውን ስቶ ሆዴ ውስጥ እየበቀለ በየወሩ አልጋ ላይ ያጥፈኝ ነበር። በቀዶ ጥገና ተገላገልኩ። ሐኪሟ ግን ስትሸኘኝ "ሊመለስ ይችላል" አለችኝና ከዚያ ወዲህ የምፈራው ይህንኑ ብቻ ሆነ። በየጊዜው ለምርመራ ደም ሰጥቼ፣ በሽታው ሲመለስ ከፍ ይላል የተባለውን ሲኤ 125 የሚሉትን ቁጥር አያለሁ፤ ዝቅ ሲል እደሰታለሁ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ቁጥሩ መውረዱን ሰምታ "አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ታሻሽያለሽ" ብላኝ ነበር። አስተማሪ ምን ታድርግ።

አንድ ማለዳ ውጤት ልንቀበል አብረን ታክሲ ያዝን። ረዳቱ፣ ጺሙ የሸበተ ሰውዬ፣ አንዲት ሰፋ ያሉ ሴትዮ ከነዘንቢላቸው አስገባና "ጠጋ በይ እህቴ" አለኝ።

ተጠጋሁ። ዘንቢሉንም ጭኔ ላይ ተቀበልኩ።

ስንወርድ እናቴ "ተመልሷል" አለች።

"ምኑ?"

"በሽታሽ ነዋ።"

"እማዬ ደግሞ፣ በቃ ትንሽ ደክሞኝ ነው።"

ዋሸሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሕመሙን መታጠቢያ ቤት እየገባሁ ጥርሴን ነክሼ ነበር የማሳልፈው። ካልተናገርኩት የሚቀር መስሎኝ።

ሐኪሟ ዘንድ ስንገባ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነበር። "አየሽ?" አልኳት። እናቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና "ዶክተር፣ ይሄ ልክ አይደለም" አለች። "ዛሬ ታክሲ ውስጥ ተጠግታለች።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ምን አሉኝ እናቴ?"

እናቴ ከነማስረጃው አቀረበች። ከቀዶ ጥገናው በፊት ዓመት ሙሉ ከአንድ ረዳት ጋር እንኳ አልተጣላሁም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ልብ ገዛች ብሎ መርቆኝ ነበር። "እሷ ጨዋ የምትሆነው ሲያማት ነው" ብላ ደመደመች። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ።"

ሐኪሟ አልሳቀችም። ቁጥሩ ዝቅ ብሎም በሽታው ሊኖር እንደሚችል ነገረችንና ወደ እኔ ዞረች። "ያምሻል?"

አለቀስኩ። በአልትራሳውንድ ሲታይ በግራ በኩል ትንሽ ተመልሶ ነበር። ለጊዜው ቢላ አያስፈልግም፣ በኪኒን እንሞክረው ተባለ። ካርዴን አሾልኬ ሳይ ሐኪሟ ከደሙ ውጤት በታች "የጠባይ ለውጥ፤ እናት እንዳስተዋሉት" ብላ ጽፋለች።

ኪኒኑን ከጀመርኩ ከወራት በኋላ ከእናቴ ጋር ወደ ሜክሲኮ ስንሄድ ሌላ ረዳት "ጠጋ በይ" አለኝ።

"ወንበሩ የሦስት ሰው ነው" አልኩት። "ማለቴ፣ እስከ ሦስት መቁጠር ትችላለህ አይደል?" ገና የንግግሬ መግቢያ ላይ ነበርኩ፣ ከኋላዬ ሲቃ ሰማሁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

ረዳቱ ደነገጠ። "ማዘር፣ እኔ ምን አደረግኩ?"

"ምንም አላደረግክም" አለች እንባዋን እየጠረገች። ከዚያ ለታክሲው ሁሉ፣ ክፍል ውስጥ በምታስተምርበት ድምጿ፣ "ልጄ ናት" አለች።