ለፈረስ ጆሮ የተመረጠች ጠመንጃ

የሱሉልታ ልብስ ሰፊ ሁሉ ጂቱ ጉርሙን ያውቃታል። ከጎጃም መንገድ ዳር፣ ሚኒባሶች ተራ ከሚይዙበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለቻት። ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ነው። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጠረጴዛዋ ላይ አሮጌ ጨርቅ ዘርግታ የስፌት መኪና ስትፈታ ላያት ሰው ዶሮ የምትበልት ባለሙያ ትመስላለች፤ አንድ ብሎን አይጠፋትም፣ የአንዱም ቦታ አይሳሳታትም። ክር የሚበጥስ፣ ስፌት የሚዘል፣ ሲነዳ የሚያቃስት መኪና ሁሉ መጨረሻው እሷ ዘንድ ነው።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን፣ ሁለት ሰዎች ምንም ሳይዙ መጡ። አንደኛው ኦቦ ዲሪባ ናቸው፤ የአካባቢው ፈረሰኞች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ሰባ አራት ዓመታቸው ሆኖ ዛሬም ኮርቻ ላይ ሲወጡ ደጋፊ የማይሹ ሰው። ሁለተኛው ሄመን ይባላል፤ ወተት ነጋዴ ነው፣ የማኅበሩም ጸሐፊ። "አካም ቡልቴ ጂቱ" ብለው እንዴት እንዳደረች ጠይቀው ኦቦ ዲሪባ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ወሬውን ከሩቅ ጀመሩት፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቁ። ጂቱ ጉዳይ እንዳላቸው ገብቷት መፍቻዋን አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር አሥራ ሦስት ቀን ሜዳው ላይ የፈረስ እሽቅድምድም ያደርጋል። ሩጫው የሚጀመረው በፊሽካ ነው። ፊሽካው ከወዲያኛው ጫፍ ላሉት ስለማይሰማ ባለፈው ዓመት የሰሙት ሦስት ፈረሶች ብቻቸውን ቀድመው ወጡ፣ ጠብ ተነሣ፣ ዳኛው ከመደበደብ ለጥቂት ተረፈ። ዘንድሮ በተኩስ ይጀመር ተባለ። ፖሊስ ሲጠየቅ፣ ሰው በተሰበሰበበት የጥይት መሣሪያ የማይታሰብ ነው፤ በባልጩት ድንጋይ የሚለኮስ የጥንት ጠመንጃ ከሆነ ግን፣ እርሳስ ሳይጎርስ በባሩድ ብቻ እንዲጮህ፣ ፈቃድ ተጽፎ ይቻላል አለ። ቡራዩ ላይ የድሮ ዕቃ የሚሸጥ ከድሩ የሚባል ሰው ደግሞ እንዲህ ያሉ ሦስት ጠመንጃዎች አሉት ተብሏል።

"አባትሽ በሕይወት ቢኖሩ እሳቸውን ነበር የምንወስደው" አሉ ኦቦ ዲሪባ። "የእሳቸውን እጅ እያየ ያደገ ሰው ግን አንቺ ብቻ ቀርተሻል።"

የአባቷን ሙያ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛ እየሰማ፣ ድምፁን ሳይቀንስ ያነሣ ሰው ጂቱን ከዚህ በፊት አልገጠማትም።

አባቷ ኦቦ ጉርሙ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ ያሾላሉ፣ ማጭድ ይመታሉ፤ የአገሩ አሮጌ ጠመንጃም ምላጩ ሲላላ፣ ሰደፉ ሲሰነጠቅ ወደ እሳቸው ይመጣል። ቀን ማረሻውን አሹሎ የወሰደ ገበሬ ማታ ቤቱ ገብቶ "የቡዳ ዘር" ይላል። ጂቱ የእናቷን ቀሚስ ሳትለቅ ጀምራ ወናፍ እየነፋች፣ ብረት እንዴት እንደሚቀላ፣ እንዴት እንደሚበርድ፣ ጤነኛው ከታመመው በድምፁ እንዴት እንደሚለይ ተማረች። ስታገባ አማቷ እማማ እናትነሽ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ነገር ግን የአባቷን ሙያ ከደጅ ትታ እንድትገባ አንድ ጊዜ፣ በለሰለሰ ቃል፣ ለመኗት። ተወችው። ባሏ ሞቶ ሁለት ልጆች እጇ ላይ ሲቀሩ የጎረቤት ልብስ ሰፊ የተበላሸ መኪና ፈትታ ገጠመች፤ ሱቁም ከዚያ መጣ። የት ተማርሽው ሲሏት "እንዲሁ መጣልኝ" እያለች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው።

እሺ አለቻቸው። ነገር ግን ምርጫው የእሷ እንዲሆን፣ ማንም ጣልቃ እንዳይገባባት ቃል አስገባቻቸው። ሁለቱም ቃል ሰጡ። ቃላቸው ቡራዩ እስኪደርሱ ድረስ ጸና።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ በአስኮ አድርገው ቡራዩ ገቡ። ከድሩ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ወርሶ ራዲዮኑን፣ የብረት አልጋውን፣ ኮርቻውን፣ የግድግዳ ሰዓቱን እስከ ጣሪያ ከምሮታል። ሦስቱን ጠመንጃዎች ብርድ ልብስ ላይ ደርድሮ ጠበቃቸው።

የመጀመሪያው ረጅምና ወፍራም ነበር፤ አፉ አውራ ጣት ያስገባል፣ ሰደፉ በብር ጌጥ ተለብጧል። ሁለተኛው መካከለኛ፣ ዘይት ጠጥቶ መስተዋት የመሰለ። ሦስተኛዋ ቀጭን ነበረች፤ አፈ ጠባብ፣ የሕፃን ትንሽ ጣት እንኳ በግድ የምትገባባት፣ እንጨቷ ከዕድሜ ብዛት የጠቆረ፣ አንገቷ ላይ በመዳብ ሽቦ የታሰረች።

ኦቦ ዲሪባ ከብር ጌጡ ላይ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው። ሄመን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣውና ለማኅበሩ አባላት ላከ፤ ጂቱ መነጽሯን ሳታደርግ ሦስት ሰዎች "ይሄ ነው!" ብለው መልሰዋል። ከድሩም ይህን የመሰለ አገር ውስጥ እንደማይገኝ፣ ባለቤቱ ትልቅ ባላባት እንደነበሩ ተረከላቸው። ጂቱ እስኪጨርስ ጠበቀችና ቀና ብላ ኦቦ ዲሪባን አየቻቸው። ቃላቸውን አስታውሰው ወንበር ፈለጉ።

ከቦርሳዋ ካቻቢቴዋን፣ ሽቦና ነጭ ጨርቅ አወጣች። ትልቁን ጠመንጃ አነሣችና መዶሻውን ወደ ኋላ መልሳ ምላጩን ሳበችው። ባልጩቱ ብረቱን መታ፤ ብልጭታ የለም። ደገመችው፤ የለም። ባልጩቱ የሚመታውን የብረት ፊት በጥፍሯ ዳሰሰች። ለስልሷል፣ ጥንካሬው አልቋል፤ እንደገና እሳት ገብቶ ካልጠነከረ ድንጋይ ቢፈጩበትም እሳት አይተፋም። ለጌጥ የቆየ ጠመንጃ ነው ብላ አስቀመጠችው።

ሁለተኛው ገና በመጀመሪያው ምት የእሳት ፍንጣሪ ረጨ። ሄመን ፈገግ አለ። ጂቱ ግን ብሎኖቹን ፈትታ የብረት ቱቦውን ከእንጨቱ ለየችና በነጠላዋ ጠርዝ አንጠልጥላ በሱቋ ቁልፍ መታ አደረገችው። ድምፁ ተሰንጥቆ እንደተጠገነ ጋን ደፈን ያለ ነበር። ቱቦውን አዙራ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ከታች በኩል፣ እንጨቱ ሸፍኖት የነበረ፣ ጸጉር የሚያክል ስንጥቅ ጣት ሙሉ ተጋድሟል።

ከድሩ ጎንበስ ብሎ አየው። ሳቁ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ሊሸጠው ተቃርቦ በዋጋ አለመስማማት እንደቀረ ነገራቸው፤ ስንጥቁንም ጨርሶ እንደማያውቅ በልጆቹ ማለ። "አንቱ ባይመጡ ኖሮ ሰው ፊት ላይ ይፈነዳ ነበር፣ አዴ ጂቱ" አለና ጠመንጃውን ከብርድ ልብሱ ላይ አንሥቶ ጓዳ አስገባው።

ቀጭኗን ስታንጠለጥላት እንደ ቃጭል ጠራች። ሽቦው ላይ ጨርቅ ጠምጥማ ውስጧን ጠረገች፤ ዝገቷ ከላይ ነው፣ ሥጋዋን አልበላትም። መዶሻዋን ስትለቃት ግን ያገኘችው ብልጭታ ደካማ ነበር። ጂቱ ባልጩቱን ከመንጋጋው አውጥታ ገለበጠችው፤ አባቷ እንደዚያ ሲያደርጉ ስንት ጊዜ አይታለች። ያልተነካው ስለት ወደ ብረቱ ሲዞር ፍንጣሪው ትልቅ ሆኖ ወደ ባሩድ ማስቀመጫዋ ጎድጓዳ ወረደ።

"ይህቺ ናት" አለች።

ኦቦ ዲሪባ፣ እንዳያስቀይሟት ቃል እየመረጡ፣ ትንሽ አነሰች አሉ። የሰበታም የሆለታም ፈረሰኛ በሚመጣበት ቀን የልጅ መጫወቻ የምትመስል ነገር ይዞ መቆም ማኅበሩን መሳቂያ እንዳያደርገው ሠግተዋል። ሄመንም ስልኩ ላይ የመጡትን መልእክቶች እያሳየ ደገፋቸው።

ጂቱ አልተቆጣችም። ትልቁን ጠመንጃ አንሥታ ኦቦ ዲሪባን ወደ ትከሻቸው እንዲያደርጉት ጠየቀቻቸው። ቀኝ ትከሻቸው ከዓመታት በፊት ከፈረስ ወድቀው የተሰበረ ነው፤ ሰደፉን እንዳስጠጉት ፊታቸው ተቋጠረ፣ አፈሙዙም ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ። ቀጭኗን ስታቀብላቸው ግን ለእሳቸው የተለካች ይመስል ጉንጫቸው ላይ ተቀመጠች።

"ኦቦ ዲሪባ" አለች ጂቱ፣ "የምንገዛው ለሰው ዓይን ነው ወይስ ለፈረስ ጆሮ? ትልቁ ቢጮህ እንኳ ግማሹ ፈረስ ገደል ይገባል። ይህቺ ጥቂት ባሩድ ትበላለች፣ ጥርት አድርጋ ትጮኻለች። ሌላ ምን እንፈልጋለን?"

ኦቦ ዲሪባ ጠመንጃዋን ከጉንጫቸው ሳያነሡ ሄመንን ስልኩን እንዲዘጋ ነገሩት።

ጠመንጃዋ በፈቃዱ ወረቀት ሱሉልታ ገባች። ጂቱ በልብስ ሰፊዎቹ ሥራ መካከል ዝገቷን አጠበች፣ የላላውን ምላጯን አጠበቀች፣ የመዳብ ሽቦዋን ፈትታ እንደ አዲስ አሰረች። ባሩዱ ሲመጣ ከከተማው ወጣ ብለው፣ የኦቦ ዲሪባ ዳማ ባዝራ ባለችበት ሜዳ ላይ ሞከሯት። መጀመሪያ ሲስቧት ጎድጓዳዋ ላይ ያለው ባሩድ ቦግ ብሎ ጠፋ፤ ጠመንጃዋ ድምፅ አላሰማችም። ሄመን ትልቁን ብንገዛ ኖሮ ማለት ጀምሮ ነበር። ጂቱ ከቀሚሷ ደረት ላይ የማትለያትን የስፌት መኪና መርፌ ነቅላ፣ እሳት የሚገባባትን የጎን ቀዳዳ ጠረገች፤ የዓመታት ጥላሸት እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ ወጣ። ሁለተኛው ጊዜ ጧ አለች፤ ድምፁ ከወዲያኛው ኮረብታ ተመልሶ መጣ። ባዝራዋ ጆሮዋን አቁማ አየቻቸውና ወደ ሣሯ ተመለሰች።

ጥር አሥራ ሦስት ቀን ሜዳው በሰው ሞላ። ኦቦ ዲሪባ ዳማዋ ላይ ተቀምጠው ጠመንጃዋን ወደ ሰማይ ሲያነሡ በእርግጥም ከወዲያ በኩል የሳቀ ነበር። ስትጮህ ግን ሃያ ሁለቱ ፈረሶች እንደ አንድ ወጡ፤ አንዲት ግራጫ ብቻ ጌታዋን ይዛ የባቄላ ክምር ወዳለበት ሄደች፤ እሷ ካቻምናም በፊሽካ ያንኑ አድርጋለች። ዘንድሮ ማንም ከዳኛው ጋር አልተጣላም።

ሽልማቱ ሲሰጥ ኦቦ ዲሪባ ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው አመሰገኑ። የቀበሌውን፣ የፖሊሱን፣ የለጋሾቹን ስም ጠሩ። ከዚያ "ጠመንጃዋን የመረጠችልን የቀጥቃጩ የኦቦ ጉርሙ ልጅ ጂቱ ናት" አሉ። ጂቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ልቧ እንደ ልጅነቷ ዘመን መታ። ዙሪያዋን በጎን አየች። አጠገቧ የቆመች ሴት፣ ስሟን የማታውቃት፣ የባሏ መጥረቢያ ዛሬም የኦቦ ጉርሙ ማኅተም እንዳለበት ነግራት ወደ ሽልማቱ ተመለሰች። ያን ጊዜ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደች። አባቷ ብረት ላይ የሚመቷትን ያቺን ትንሽ የጨረቃ ምልክት የሚያስታውስ ሌላ ሰው አለ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ሴትዮዋን እስኪመሽ ድረስ ስለ መጥረቢያው ስትጠይቃት ዋለች።

ከፋሲካ በኋላ ሙሄዲን የሚባል የሰበታ ፈረሰኛ ሱቋ ድረስ መጣ። የእነሱም ማኅበር ጠመንጃ አግኝቷል፤ ፎቶውን በስልኩ አሳያት። ፎቶ አልመርጥም ብላ ቅዳሜ ሰበታ ሄደች። አሥር ሰው ከቦ እያያት ውስጡን ጠረገች፤ ሽቦዋ ላይ የወጣው ዝገት መሬቱን አቀላው። ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ሩጫውን በከበሮ ጀምሩት አለቻቸው። ነገሩ ከፋቸው። ምሳ ግን አበሏት፤ ከምሳ በኋላም የሙሄዲን ሚስት ክር የሚበጥስ የስፌት መኪናዋን አምጥታ ፊቷ አስቀመጠችው። ጂቱ መነጽሯን አድርጋ፣ ከበሮው ከየት እንደሚገኝ የሚከራከሩትን ወንዶች በአንድ ጆሮዋ እየሰማች፣ የመጀመሪያውን ብሎን ፈታች።