የሰረቅኩት እቅፍ

ሲኤምሲ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ሥራ አለኝ፤ አስተናጋጅም ነኝ፣ የጸሎት ቡድን አባልም ነኝ። በአንደኛው ሰው ወደ ቦታው አስገባለሁ፣ በሌላኛው ጋኔን አስወጣለሁ። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ቀን ይጋጩብሻል ብሎ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

እሁድ ከሰዓት አዳራሻችን ውስጥ ቻይናውያን አማኞች ያመልካሉ። ከእነሱ አንዷ ኤርፖርት ካርጎ የምትሠራ ልጅ ናት። ቦሌ ብዙ ዓመት ከመኖሯ የተነሣ አማርኛዋ የታክሲ ረዳት ያስንቃል። ለገና አብረን እናምልክ ሲባል የጠፋውን ልጅ ታሪክ በአገሯ ባህላዊ ቴአትር አዘጋጀች፤ ያ በከበሮና በነሐስ ሳህን የሚታጀበው፣ ተዋንያኑ ረጅም እጅጌ የሚለብሱበት። ጠፍቶ የተመለሰውን ልጅ የምትሆነው እሷ ናት። አባትየውን የሚሆኑት ደግሞ ሊጠይቋት ከቻይና የመጡት እናቷ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን መድረክ ላይ ሽማግሌ ሆነው የተወኑ ሴት።

ሊጀመር ሲል ልጅቷ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«እህቴ፣ እናቴ ክርስትና የፈረንጅ ነው ትላለች። ከተጠመቅኩ ወዲህ አቅፋኝ አታውቅም። ቸርች አልገባም ብላ ነበር፤ መድረክ ነው ስላት እሺ አለች።»

«እና?»

«መጨረሻ ላይ አባትየው ልጁን ያቅፈዋል። በቴአትርም ቢሆን ታቅፈኝ። አደራ፣ ማንም እንዳይረብሽ።»

«በእኔ ጣይው» አልኳት።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ፤ ፊት ለፊት ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ። ስልኩ የጮኸበትን ገላመጥኩ። ልጇ ያለቀሰባትን በር ድረስ ሸኘሁ። ፓስተራችን ሲያስሉ እሳቸውንም ዞር ብዬ አየኋቸው።

እናትየው ነጭ ጺም አድርገው ወጡ። እጅጌያቸው ከጣታቸው አንድ ክንድ አልፎ ይወርዳል። አረማመዳቸውን ላየ በቃ ሽማግሌ ናቸው። ልጅቷ በመድረኩ ወዲያኛው ጫፍ ብቅ ብላ ተንበረከከች። ይሄኔ እናትየው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ጣታቸው፣ ከዚያ ክንዳቸው፣ ከዚያ ጺማቸው ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ የነሐሱ ሳህን ጮኸ።

እዚህ ላይ እንድትረዱኝ እፈልጋለሁ። በእነሱ ቴአትር አባት የናፈቀውን ልጅ ከሩቅ ሲያይ እንዲህ እንደሚንቀጠቀጥ ልምምዱን ያዩ ሁሉ ያውቃሉ። እኔ ልምምዱን አላየሁም። እኛ ዘንድ ደግሞ ዓይኑ ፈጥጦ የሚንቀጠቀጥ ሰው የሚደረግለት ነገር ይታወቃል። እግሬ ሳያማክረኝ መድረክ ላይ አደረሰኝ። ትከሻቸውን ይዤ «በኢየሱስ ስም፣ ውጣ» አልኩ። አዳራሹ በሙሉ «አሜን» ብሎ አገዘኝ።

ሴትዮዋ ግን በሕይወታቸው ትርኢት አቋርጠው አያውቁም። ትክ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ረጅሙን እጅጌ ወርወር አድርገው ጠቀለሉኝና እቅፍ አደረጉኝ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም፣ ምን ይዋሻል፣ ደስ አለኝ፤ ጋኔኑ የወጣ መስሎኛል።

በትከሻቸው በኩል ቀና ስል ልጅቷን አየኋት። አሁንም እንደተንበረከከች ናት፤ እጇን እንደዘረጋች። ለማን የታሰበ እቅፍ ውስጥ እንደገባሁ ያኔ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለመውጣት ስታገል እጅጌው ጭራሽ ተበተበኝ። ልጅቷ ይህን አይታ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። እናትየው ድምፁን ሰምተው ዞሩ። እኔን ቀስ ብለው ከእጅጌያቸው ፈቱኝና በክንዴ ይዘው መድረኩ ዳር አቆሙኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተናግድ እንደዚያ አድርጎ ያስተናገደኝ ሰው የለም። ከዚያ ጺማቸውን ከጆሯቸው ላይ አወለቁ። በገዛ ፊታቸው ሄደው፣ ልጃቸው አጠገብ ተንበረከኩና አቀፏት።

ድርሰቱ ላይ አባትየው ጺሙን አያወልቅም። ከበሮ መቺው ግራ ገብቶት መምታቱን አቆመ። እኔም ወደ ቦታዬ ተመልሼ፣ ማንም እንዳይረብሻቸው ስጠብቅ ቆየሁ።