የተሻለው ግማሽ

በድንጋይ መጋዘኑ ውስጥ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ዳኛው» ነበር የሚሉት። በቁፋሮ ከመሬት ሆድ የሚወጣውን ዱላ መሰል ድንጋይ ቁመቱን ይዞ በመጋዝ ለሁለት ሲሰነጥቀው፣ አንዱ ወገን ከሌላው በፀጉር ያህል እንኳ አይበልጥም። ግማሹ ወርቁ ሊለካ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፣ ግማሹ ለምስክርነት ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ተራራው ምን ያህል ወርቅ እንደያዘ የሚሰላው ከተላከው ነው። የመጋዙ ጩኸት አንድ ጆሮውን ቢያደነቁረውም፣ «የቀረው ለሐሜት ይበቃኛል» ይል ነበር።

አንድ ቀን እንደ ልጁ የሚያያት የጂኦሎጂ ባለሙያ በሩን ዘግታ አጠገቡ ተቀመጠች። ለማመሳከር ብላ ሳጥን ውስጥ የቀሩትን ግማሾች አስለክታ ነበር።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። የቀረው ሁሌ ከተላከው ያነሰ ወርቅ ነው ያለው። አንዳንዴ ቢሆን ዕድል ነው ብዬ አልፈው ነበር። ተራራው ሀብታም እንዲመስል ሰው ከፍሎዎት ነው? ወርቅ ነስንሰውበታል?»

ደሙ ፈላ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ነው፤ ከስሙ ሌላ ለልጆቹ የሚያወርሰውም የለው።

«እኔን? እኔን ሌባ ትይኛለሽ?» አለ።

«እሺ፣ የትኛውን ግማሽ ነው የሚልኩት?»

«የተሻለውን ነዋ!» አለ፣ ይሄም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይን እያያት። «ሁለቱንም ገልበጥ አድርጌ አይና ብልጭ የሚለውን ከረጢት ውስጥ እከታለሁ። ለሰው ሲሰጥ ደህናው ነው የሚሰጠው፣ የቀረው ለቤት ነው።»

ልጅቷ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ሌባ ባለመሆኑ ከልቧ ደስ አላት፤ ሐዘኑም እኩል መጣባት። «እንግዲያው እስካሁን የላክነው ሁሉ ተራራው ካለው በላይ ወርቅ አሳይቷል» አለች።

«ታዲያ ሌላ መቶ ጉድጓድ ይቆፈራ» አለ ሊያጽናናት። «ሲበዛ ስህተቱ ይካካሳል።»

«ወዲያም ወዲህም የሚል ስህተት ሲበዛ ይካካሳል፣ ጋሼ። የእርስዎ ግን ወደ አንድ ጎን ነው የሚያጋድለው። ሺህ ብንጨምርበት ውሸቱን ይበልጥ እናምነዋለን እንጂ አይስተካከልም።»

ሰውየው ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ሌባ ብሆን ኖሮስ?»

«ሌባማ የተከፈለበትን ጉድጓድ ብቻ ነበር የሚነካው» አለች፣ ዓይኑን ሳታይ። «ሌላው ይተርፍልን ነበር።»

ሰውየው ስሙን እንደጠበቀ ከክፍሉ ወጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌባ ቀና።