ከጸሎት የምትቀድመው ጥያቄ

በልብስ ስፌት ቤቱ «እትዬ ቅምቅማት» ይሏት ነበር፤ ጠርዙ ያልተቀመቀመ ልብስ ከእጇ ወጥቶ አያውቅምና። ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን የስፌት መኪናዎቹ ዝም ይላሉ፤ ካውያው ይነቀላል፤ ሰፊዎቹም በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ይጸልያሉ። ይህን ያስለመዷቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ሽማግሌ ሰባኪ ነበሩ።

«የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ድምፅ ማጉያ አልነበራቸውም፤» ይሉ ነበር። «በየቤቱ ተሰብስበው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይጸልዩ ነበር። ከባልንጀራው የተጣላ ግን ሳይታረቅ አብሯቸው አይቆምም።»

ስለዚህ እትዬ ቅምቅማት ሁልጊዜ አስቀድማ ትጠይቃለች፦ «ቂም የያዘ አለ?»

«እኔ አለሁ!» ይላል ጨርቅ ቆራጩ። «መቀሴን ማን እንደወሰደው ሳላውቅ ማንን ይቅር ልበል?» መቀሱም በሳቅ መሃል ብቅ ይላል፤ ጸሎቱም ይቀጥላል።

እሷ ራሷ ግን ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ ሆና አታውቅም። ታናሽ እህቷን ካኮረፈች ከርማለች። የሟች እናታቸው ማስታወሻ ብላ ያስቀመጠችውን ባለ ሰማያዊ አበባ ቀሚስ፣ ታናሺቱ ሳታስፈቅድ ቆራርጣ ለሚወለደው ልጇ መጠቅለያ ሰፋችው። እትዬ ቅምቅማትም «የተሳሳተ ስፌት ይተረተራል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም» ብላ በሯን ዘጋችባት።

አንድ ቀን፣ ልክ በጸሎቱ ሰዓት፣ ታናሺቱ ሕፃን አቅፋ ገባች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እትዬ፣ ነገ ልጄ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው። በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ስሟን ተቀብለው ‹እንጸልያለን› አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው። እኔ ግን አብሮኝ የሚቆም ሰው አጣሁ።»

ሁሉም ከየመቀመጫው ተነሣ። እትዬ ቅምቅማት ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን መጠቅለያው ላይ ዐረፈ። ሕፃኗ የተጠቀለለችው በዚያው ባለ አበባ ቀሚስ ነበር።

«ዛሬ አትጠይቂንም እንዴ?» አለ ቆራጩ። «መቀሴ እጄ ላይ ነው፤ በእኔ በኩል ሰላም ነው።»

ማንም አልሳቀም። ጥያቄውን ዘልላ ብትጸልይ የሚከሳት አልነበረም። ግን ለዚህች ጨቅላ ጠርዙ ያልተቀመቀመ ጸሎት ታቅርብላት?

«ቂም የያዘ አለ፤» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ።»

«እኔም አለሁበት፤» አለች ታናሺቱ። «ሳልጠይቅሽ መቁረጤ ጥፋቴ ነው። አንቺ ግን ስወልድ እንኳ አልመጣሽም።»

«አልመጣሁም። ይቅር በይኝ።»

«አንቺም ይቅር በይኝ፣ እታለሜ።»

ሲተቃቀፉ ሕፃኗ መሃላቸው ተጨምቃ ጮኸች።

«በሉ እንግዲህ፣ እሷ ደግሞ ቂም ያዘች!» አለ ቆራጩ።

ሳቁ ሳያልቅ እጆች ተዘረጉ። ጸሎቱ አጭር ነበር። «አባታችን ሆይ» ሲሉ የሁለቱ እህቶች ድምፅ ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ ተሰማ።

ታናሺቱ ልትሄድ ስትነሣ እትዬ ቅምቅማት የመጠቅለያውን ጫፍ ያዝ አድርጋ አገላበጠችው። ጠርዙ ተተርትሯል።

«ተቀመጪ፤» አለቻት ወደ ስፌት መኪናዋ እየጎተተችው። «ይህን ይዛ ሐኪም ቤት ብትገባ ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ነገ በጠዋት ጠብቂኝ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።»