ሞያ የሌለው አጥር

ከወሎ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ቦታ ረግቼ አላውቅም። መጀመሪያ የሰፈራው መንደር፣ ከዚያ ባምባሲ፣ ከዚያ ቡለን ድረስ ዞሬያለሁ። አሶሳ ዳር ልጄ ጋ ስገባ ግን ጉልበቴ አልቆ ነበርና «እንግዲህ በቃኝ» ብዬ ግቢውን አጠርሁ። የሽመል አጥር። እዚህ አገር ቀርከሃውን ሽመል ነው የምንለው።

ክልሉ ገና የቆመ ሰሞን ነው። ከተማው አዲስ ቢሮ፣ አዲስ ሹም ሆኗል። ገበያው ላይ ደግሞ «መጤ» የምትል ቃል በዝታለች። ፊት ለፊት ማንም አላለኝም፤ ሰው ዞር ብሎ ባየኝ ቁጥር ግን እኔን ሊላት ይመስለኛል። ስለዚህ አጥሩ ፍየል መከልከያ ብቻ አልነበረም። እዚህ እኖራለሁ ማለቴ ነበር።

ክረምቱ እንዳይበላብኝ የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። የቋሚዎቹን እግር በእሳት ለበለብሁ፣ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኜ ቀባሁት፣ ከላይ የሣር ክዳን አለበስሁት።

ጎረቤቴ የበርታ ሴት ናት፤ እድሜያችን እኩል፣ አማርኛዋ እንደ ነገሩ፣ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። መጣችና አንዱን ሽመል በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

«አንተ አጥር ሞያ የለም» አለችኝ።

ክው አልሁ። እኛ አገር ሴትን ሞያ የላትም ከማለት የባሰ ምን ስድብ አለ?

«ምን አልሽኝ?»

«ሞያ የለም። ቶሎ ይወድቃል፣ እናት።»

እየሳቀች ነው ደግሞ! በቃ፣ ውጡ ሊሉን ሲጀምሩ እንዲህ ነው አልሁ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋን በአንገቴ ብቻ ሆነ የምመልሰው።

ክረምቱ ሳይጋመስ አንድ ቀን ልብስ ላሰጣ ብዬ አጥሩን ደገፍ አልሁት። ተሰበረ አልልም፣ ድምፅ እንኳ አላሰማም። አብሮኝ ወደቀ። ከውጭ ዘይቱ እንደተብለጨለጨ ነው፤ ውስጡን ግን ነቀዝ ጨርሶት፣ እጄ ላይ እንደ በሶ ቡን አለ። ጭቃው ላይ ተቀምጬ ያንን ዱቄት አያለሁ።

ልጄ ብቅ ብላ «እማዬ፣ አጥሩን ወፍጮ ቤት ወሰድሽው እንዴ?» አለች። አልሳቅሁም።

ጎረቤቴ ሮጣ መጣች። ዱቄቱን ከቀሚሴ አራገፈችና እጄን ይዛ ወደ ወንዙ ጎተተችኝ። ድንጋይ የተጫነበት የሽመል እስር ውሃ ውስጥ ተኝቷል፤ የራሷ ነው። ጎንበስ ብላ በእፍኟ ጨለፈችና አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«ይኼ! ሞያ! ሞያ!»

ውሃ ማለቷ ነው። ለካ ዓረብኛ ነው፤ ከኩርሙክ ወዲያ፣ ሱዳን ያለው ሰው ሁሉ ውሃን እንዲህ ይለዋል።

«ሽመል ውስጥ ስኳር አለ። ትል ስኳር ይወዳል። ሞያ ስኳር ይወስዳል። አንተ ሞያ ሳይገባ አጥር ሠራ!»

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልሁ። እኛ ሞያ የምንለው ምን እንደሆነ፣ እኔም የሰማሁት ምን እንደሆነ ነገርኋት። አሁን ደግሞ እሷ ክው አለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወላሂ! እኔ አንተን ሰደበ?»

ድንጋዩን ገፋ አድርጋ የእስሩን አንድ ጫፍ አነሳች።

«ይኼ ደርሷል። ያዝ።»

«ያንቺ አጥርስ?»

«ሌላ እነክራለሁ። እኔ የት ይሄዳል? አንተስ የት ይሄዳል?»

ሌላኛውን ጫፍ ያዝሁ፤ ውሃው በሁለታችንም ቀሚስ ላይ እየተንጠባጠበ ዳገቱን ወጣን።