ሙሽራይቱ ከቤት ሳትወጣ የሚጠፋው ማሽን

በፎቶ ቤቱ የመጀመሪያ ቀኔ የተሰጠኝ ሥራ ውሃ ማሞቅ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አግብቼ፣ የመጀመሪያ ልጄን ጡት አስጥዬ ነው የገባሁት። ባለቤቱ ጋሽ ይማም ጨለማው ክፍል አስገብቶ ሦስት ሳህን አሳየኝ። በአንደኛው ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት፣ በሁለተኛው ውሃ፣ በሦስተኛው ምስሉን የሚያጸናው መድኃኒት አለ።

«የመካነ ሰላም ብርድ መድኃኒቱን ያስተኛዋል» አለኝ። «ሲቀዘቅዝ የሰው ፊት አይወጣም፤ ሲሞቅ ደግሞ ይጠቁራል። ሳህኑን ለብ ያለ ውሃ ላይ አስቀምጪው። በእጅሽ አትገምቺ፤ ቴርሞሜትሩን እዪ።»

ከሰዓት በኋላ በር ላይ አቆመኝ። ለመታወቂያ ፎቶ የሚነሡ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። አንድ ሹም መጣና ሰልፉን አልፎ ሊገባ ሲል መንገዱን ዘጋሁበት።

«እቸኩላለሁ» አለኝ።

«እነዚህም እስከ ወግዲ በእግራቸው የሚመለሱ ናቸው» አልኩት።

ጋሽ ይማም ከመጋረጃው ጀርባ ጠራኝ። «ልጄ፣ ሰውየው ሹም ነው እኮ።»

«ሹም ከሆነ ተራ ማክበር አይጠፋውም።»

«ነገ ነይ» አለኝ። ሊያባርረኝ ይሁን ሊቀጥረኝ አልገባኝም። በማግስቱ ስሄድ፣ «በር ላይ እንዳንቺ ያለ ሰው ያስፈልገኛል፤ እኔ ሰው አፍራለሁ» አለኝ። ሥራዬ በዚህ ጸደቀ።

ከዚያ ወዲህ ጥቁርና ነጩ ቀረ፣ ባለ ቀለሙ መጣ፣ እሱም ቀረ። ጨለማው ክፍል ዛሬ መጋዘን ነው። ጋሽ ይማም ሲያርፍ ልጆቹ ደሴ ስለሚኖሩ ቤቱን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። ቪዲዮ መቁረጥና ማያያዝ የተማርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። ቀስ እላለሁ እንጂ የሙሽራ እናት ቆርጬ ጥዬ አላውቅም።

አሁን የምነግራችሁ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች እንድታውቁት የምፈልገው፣ ስለ አንድ የጥር ወርና ስለ መሠረት ነው። መሠረት የአቀስታ ልጅ ናት። ከቴክኒክ ኮሌጅ ወጥታ በፎቶ ቤታችን ጥግ አንድ ጠረጴዛ ይዛ ስልክና ኮምፒውተር ትጠግናለች። ብዙ አትናገርም። ስትሠራ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል በጨርቅ ላይ ትደረድራለች። እኔ ገና ያን ጊዜ ነው የወደድኳት።

በዚያ ጥር ትልቁ ኮምፒውተራችን መጥፋት ጀመረ። ለጽሕፈት ደህና ነው። ፊልሙን አዋሕዶ በፍላሽ የሚወጣ አድርጎ ማብሰል፣ እኛ ሬንደር የምንለው ሥራ ሲመጣ ግን ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኽና ድርግም ይላል። የመብራት ጉድለት መስሎን ሶኬት ቀየርን። መሠረት፣ «ሙቀት ነው» ስትለኝ አላመንኳትም። ጋቢ ደርበን በምንውልበት ቤት ምን ማሽን ይሞቃል?

«ደጋው አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ስስ ነው እትዬ የሺ» አለችኝ። «ዳገት ሲወጡ እንደሚያለከልክዎ ፋኑም ያለከልካል።»

ተራው የጋሽ በላቸው ነበር። ጋሽ በላቸው የእህል ነጋዴ ነው፤ የልጁን ሠርግ ቀርጸንለታል። እሑድ ቅልቅል ስላለበት፣ እንግዳው ፊልሙን ሊያይ ነው የሚመጣው። የእሱ ፊልም ግማሽ ሳይደርስ ማሽኑ እየጠፋ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

በዚህ መሐል አያ ጌጡ ከልጃቸው ከእናትነሽ ጋር ገቡ። ከወግዲ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የእናትነሽን ሠርግ የቀረጽነው እኛ ነን፤ እሳቸው ግን አልነበሩም። ሠርጉ ሲሠረግ በዐይናቸው ምክንያት ደሴ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ቀኑ እንዳይለወጥ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የከለከሉት፤ የተጠራ ሰው አይመለስም ብለው። ሐኪሞቹ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብለዋቸዋል።

«ሠርጓን ሳይጨልም ልየው ብዬ ነው» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ፎቶ ሊነሡ የተቀመጡት ሁሉ እኔን ማየት ጀመሩ። አንዷ፣ «አስቀድሚያቸው እንጂ እትዬ፣ ልብ የለሽም?» አለችኝ።

«ልብ አለኝ። ተራው ግን የእኔ አይደለም፤ የጋሽ በላቸው ነው። የሰው ተራ አንሥቼ አልሰጥም።»

ደወልኩለት። «እሑድ ባልደግስ ኖሮ በደስታ፤ እንዲያው ምን ላድርግ» አለ። አልፈረድኩበትም። እሱም ልጁን የዳረ አባት ነው።

ማሽኑ ግን ያን ሰዓት ሥራ ላይ አልነበረም። ሥራ የፈታ ማሽን ተራ የለውም፤ ስለዚህ ጥሬውን፣ ሳይቆረጥ ሳይያያዝ፣ እዚያው ላሳያቸው አልኩ። አያ ጌጡ ወንበራቸውን ስበው አፍንጫቸው የስክሪኑን መስታወት ሊነካ ድረስ ቀረቡ። ግቢያቸው መጣ፣ ዳሱ መጣ። «ያቺ እኅቴ ናት» አሉ፤ «ያ ደግሞ ገና ሳይበላ የሚጨፍረው የጎረቤት ልጅ።» እናትነሽ ሳቀች። ሚዜዎቹ በሩ ላይ ሲዘፍኑ ፋኑ ጮኸ። ሙሽራይቱ ከቤት ልትወጣ ስትል ድርግም አለ።

አያ ጌጡ አልተንቀሳቀሱም። እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው መስታወቱን ዳሰሱ።

«እናትነሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዐይኔ ነው?»

«አይደለም አባቴ። ማሽኑ ነው።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«ማሽኑ ነው አያ፣ አብሽሩ» አልኳቸው። መሠረት ካቻቪቴዋን ይዛ ተነሣች።

«ተራውን ብናለዋውጠውም ማሽኑ ያው ነው እትዬ» አለች። «ይፍቀዱልኝና ልክፈተው።»

መጀመሪያ ያነሣችው ሣጥኑ ላይ ያለችውን ዳንቴል ነው። «የማን ሥራ ናት?»

«የእኔ።»

«እጅ ይባረክ፤ ቆንጆ ናት። ለቴሌቪዥኑ ትሁን። እዚህ የሙቀቱን መውጫ ጋርዳዋለች።»

እኛ ሣጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ነው የምንለው። እውነተኛው ሲፒዩ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ከክብሪት ሣጥን የማይበልጥ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ማቀዝቀዣው ከላዩ ተቀምጦ ሙቀቱን ይቀበለዋል፤ ፋኑ ደግሞ ያባርረዋል። የእኛ ማቀዝቀዣ በአራት የፕላስቲክ እግር የተያዘ ነበር። መሠረት በባትሪ አበራችልኝ። አንዱ እግር ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ማቀዝቀዣው በሦስቱ ላይ አጋድሎ፣ ከፕሮሰሰሩ በአንድ በኩል ተነሥቷል።

«አራተኛው ሳይሠራ ሦስቱ ተሸክመው ኖረዋላ» አልኩ።

«ሦስቱም ቢሆኑ አይችሉትም። ቢጠገንም ይኼ ለጽሕፈት የተሠራ ነው፤ ለፊልም ያንሳል።»

ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሳ ከፕሮሰሰሩ እስከ ሣጥኑ ክዳን ያለውን ለካች። «ትልቅ አምጥተን ክዳኑ እንቢ እንዳይለን» አለች። ደሴ ለምታውቀው ሻጭ ደውላ የፕሮሰሰሩን ዓይነትና ልኩን ነገረችው። አያ ጌጡን፣ «ዕቃው ከደሴ እስኪመጣ ይታገሡኝ፤ ከተማ ይደሩ» ብላ ለመነቻቸው። እናትነሽ ዘመድ ቤት ወሰደቻቸው።

ማቀዝቀዣው በማግስቱ በሚኒባስ መጣ። ከታች የመዳብ ቱቦዎች ይወጣሉ፤ ከላይ ስስ የብረት ቅጠል በቅጠል ላይ ተደርድሯል፤ በጎኑ ሰፊ ፋን አለው። ቁመቱን ሳየው ፈራሁ።

«ማሽኑን ብትሰብሪውስ?»

«ፈርቼ ነው አስቀድሜ ይቺን የማወጣት» አለችና ዲስኩን ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «የሁለቱም ሠርግ እዚህ ውስጥ ነው። እርስዎ ይያዙልኝ።» እኔም በነጠላዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሥራው እስኪያልቅ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

የአሮጌውን ማቀዝቀዣ ፋን ሽቦ ነቀለች፤ እግሮቹን አዙራ ሳትጎትት፣ ግራና ቀኝ እያወዛወዘች አነሣችው። በፕሮሰሰሩ ላይ የቀረው የድሮ ቅባት ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

«በምን ይጸዳል? አረቄ ላስመጣ?» አልኩ።

«አረቄ ውሃ አለው፤ ሌላም የማናውቀው ነገር አለው። የፋርማሲ አልኮል ይሻላል።»

«ያ የማናውቀው ነገር እኮ ነው የሚያስጠጣው።»

ያን ቀን መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው። በአልኮል በነከረችው ንጹሕ ጨርቅ ፊቱ እስኪያበራ ጠረገችው። ከዚያ ፕሮሰሰሩ የተሰካበትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ከሣጥኑ አውጥታ የብረት መደገፊያውን ከጀርባው አስገባች። አዲሱ የሚታሰረው እዚያ መደገፊያ ላይ ነው፤ እንደ አሮጌው በፕላስቲክ አይንጠለጠልም።

ቀጥሎ ቅባቱ። ከትንሽ መርፌ መሰል ቱቦ ከምስር ከፍ፣ ከአተር ዝቅ ያለች ጠብታ መሐል ላይ ጣል አደረገችና አቆመች።

«በቃ?» አልኳት። «ጨምሪበት እንጂ። ለራስ በሚቀባ ቅቤ ሰው ሲሰስት አይቼ አላውቅም።»

«ቅቤ አናት የሚያበርድ ነው እትዬ። ይኼ አያበርድም፤ የሚያገናኝ ነው። ሁለቱ ብረቶች ለስላሳ ይመስላሉ እንጂ ጭረት አላቸው፤ ጭረቱ ውስጥ አየር ይገባል፤ አየር ሙቀት አያሳልፍም። ቅባቱ ያንን ይሞላል። ሲበዛ እሱ ራሱ ግድግዳ ይሆናል።»

ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ካስቀመጠች በኋላ አላንሸራተተችውም። አራቱን ብሎኖች በጣቷ አስያዘች። አሁን የማልረሳው መጣ። አንዱን ብሎን ትንሽ አዞረችና ተወችው። በማዕዘን ወደ ተቃራኒው ሄዳ እሱንም ትንሽ አዞረችው። ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ በተቃራኒው ያለው አራተኛው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«አንዱን ጨርሰሽው ለምን ወደ ሌላው አትሄጂም?»

«አንዱ ብቻውን ከጠበቀ ማቀዝቀዣው በሌላ በኩል ይነሣል። ያጋድልና እንደ አሮጌው ይሆናል። ሁሉም ጥቂት ጥቂት፣ በየተራ፣ እኩል ነው የሚጠብቁት።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በር ላይ ቆሜ ስጣላበት የኖርኩትን ነገር ይቺ ልጅ በካቻቪቴ ስትሠራው አየሁ። ሹም ፊት፣ ነጋዴ ፊት፣ አንዳንዴም ጋሽ ይማም ፊት ስናገረው ግትር ተብያለሁ። እሷ ግን ብረቱ ራሱ እንደሚፈልገው አሳየችኝ።

ማዘርቦርዱን መልሳ አሰረችው፤ እሱንም በየተራ። የፋኑን ሽቦ የሲፒዩ ፋን ተብሎ የተጻፈበት ላይ ሰካች። ፋኑ አየሩን ወደ ሣጥኑ ኋላ እንዲገፋ መዞሩን ማሽኑን አብርታ በሲጋራ ወረቀት አረጋገጠች፤ ወረቀቷ ወደ ኋላ ተሳበች። ክዳኑን ለልክ ስትጭነው ማቀዝቀዣው ሳይነካው አለፈ፤ በጣት ስፋት ብቻ። ዲስኩን ከጭኔ ተቀብላ ቦታው መለሰችና ሣጥኑን ዘጋች።

የጋሽ በላቸውን ፊልም ሬንደር ላይ አደረግነው፤ ተራው ነውና። ሙቀቱን የሚያሳየው ቁጥር በስክሪኑ ጥግ ተቀምጧል። ቀድሞ ወደ መቶ ሲጠጋ ነበር የሚጠፋው። ሰባ አካባቢ ደርሶ ቆመ። እኔ እንደ ድሮው ጨለማ ክፍል ዐይኔን ሳላነሣ ቁጥሩን አያለሁ። ፋኑ ድምፁ የለም፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው መዞሩን ያረጋገጥኩት። ፊልሙ አለቀ። የጋሽ በላቸው ልጅ መጥቶ ፍላሹን ወሰደ።

ያን ጊዜ፣ «አያ ጌጡን ጥሩልኝ» አልኩ።

እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ግቢው መጣ፣ ዳሱ መጣ፣ ሚዜዎቹ በሩ ላይ ዘፈኑ። ሁላችንም ፋኑን ነው የምናዳምጠው። በሩ ተከፈተና እናትነሽ በሙሽራ ልብሷ ወጣች።

አያ ጌጡ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «መልሺልኝ» አሉ። መለስኩላቸው። ወጣች። «አንዴ ደግሞ» አሉ። ደግሜ መለስኩ። ሦስተኛው ላይ፣ «በቃ፣ ትሂድ» አሉኝ፣ ከስክሪኑም ከቤቱም የምትወጣዋን ልጅ እንደ መሸኘት።

ፊልሙ ወደ እርዱ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ ቆይ። አቁሚው። ያ ጥቁር ወይፈን የማን ነው?»

እናትነሽ ወደ በሩ ዞረች።

«እናትነሽ። ቡሬውን በሬ እረዱ ብዬ አልነበር ወደ ደሴ የሄድኩት?»

«ቡሬው ከስቶ ነበር አባቴ። ሰው ፊት የሚቀርብ አልነበረም።»

«ጥቁሩ የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ ምን ነበር ያላችሁኝ?»

«ጠፋ።»

አያ ጌጡ ዞረው መሠረትን በጠረጴዛዋ በኩል ፈለጓት፤ ከዚያ ፊቷን አገኙት። «አቦ ይመርቅሽ ልጄ» አሏት። «ልጄን ዳርሁ፤ የጠፋው ወይፈኔም ተገኘ።»

እናትነሽ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። መሠረት ቀና ብላ አላየችም፤ ካቻቪቴዋን በጨርቅ ትወለውላለች።

የአያ ጌጡ ብርሃን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ገበያ ሲመጡ እናትነሽ እየመራቻቸው ይገባሉ። ስለ ሠርጉ ሲያወሩ ግን የሙሽራይቱን ጫማ ሳይቀር ይናገራሉ፤ ወይፈኑንም አይረሱም።

ለእናንተ የምለው ይኼ ነው። ማሽን ሲሞቅ አራቱን እግሮች እዩ። ዳንቴል ሣጥኑ ላይ አታድርጉ። ቅባት አታብዙ። አራት ብሎን ያለው ነገር በማዕዘን፣ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠበቃል።