ከእያንዳንዱ ቃል በፊት አንድ ንክኪ

በየጠዋቱ ከቤት ከመውጣቷ በፊት የአባቷን መናገሪያ ከቻርጀሩ ትነቅልና ጀርባውን በእጇ አይበሉባ ትነካዋለች፤ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚነኩት። ቀዝቃዛ ከሆነ ሌሊቱን ተኝቶ አድሯል ማለት ነው። ሞቅ ካለ ግን ውስጡ አንድ ነገር ነቅቶ ሲሠራ ነበር፤ ያ ነገር ማን እንደሆነ ቢሮ ገብታ መፈለግ አለባት። ከዚያ መሣሪያውን በአባቷ አንገት ላይ ታንጠለጥልለትና ጉንጩን ስማው ትወጣለች።

ሥራዋ ይኸው ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ ናት ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ የተበላሸ ስልክ ይዞ እየመጣ ስላስቸገራት ማስረዳቱን ትታዋለች። በትክክል እንናገር ከተባለ የምትሠራው ከርነል ላይ ነው፤ ከፕሮግራሞች ሁሉ ሥር ተቀምጦ የትኛው የማሽኑ ክፍል መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደሚያርፍ የሚወስነው የስርዓተ ክወናው እምብርት ላይ። ከዚያ ውስጥ የእሷ ድርሻ ማሳረፉ ነው። ሥራ የፈታውን ፕሮሰሰር፣ ማንም የማያዳምጠውን ድምፅ ማጉያ፣ ማንም የማያየውን ስክሪን እየፈለገች፣ ባትሪ በከንቱ እንዳይበሉ ታስተኛቸዋለች። ባልደረቦቿ «ሞግዚቷ» ይሏታል። «ሞግዚቷ፣ እስቲ ይህንንም አስተኚልን» እያሉ ስብሰባ የሚያስረዝመውን አለቃቸውን በአገጫቸው ይጠቁማሉ።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያ የድምፅ ማጉያው ተናጋሪ ነበር። የሚነሳውን አውቶቡስ፣ የዘገየውን፣ የጠፋውን ልጅ፣ የተረሳውን ሻንጣ ሲያስታውቅ የኖረው የእሱ ድምፅ ነው። ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁንና አንደበቱን ወሰደበት። ሐሳቡ ግን ፍንክች አላለም፤ ነገረኛነቱም እንደዚያው። አሁን የሚናገረው እሷ በምትሠራበት ድርጅት በሚመረት፣ ደብተር በማያህል መሣሪያ ነው። በግራ እጁ ጠቋሚ ጣት ፊደሎቹን እየነካ ይጽፋል፣ መሣሪያው ጮክ ብሎ ያነብለታል። ድምፁ ጉንፋን የያዘው የባንክ ሠራተኛ ይመስላል።

«ይህን ድምፅ መናኸሪያ በር ላይም አላስቆመውም ነበር» ብሏል አባቷ በመጀመሪያው ቀን፣ በዚያው ድምፅ።

ችግሩ ባትሪው ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል። አንዴ ካለቀ ደግሞ ሰክተው አንድ ሰዓት ተኩል ካልጠበቁት አይነሳም። አባቷ ቀኑን የሚውለው ሁለት ቤት አልፎ ባለው ጓደኛው ፀጉር ቤት ነው፤ እዚያ ያለችው አንዲት ሶኬት የፀጉር መቁረጫው ናት። ከበድ ያለ ባትሪ እንዳይገጠምለት አንገቱ አይችልም። እሷ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥታ ፀጉር ቤቱ ጋ የምትደርሰው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እሱ የማታ መድኃኒቱን ወስዶ ሁለት ሰዓት ላይ ይተኛል። መሣሪያው ነፍስ ሲዘራ አባቷ ያንኮራፋል።

«አባዬ፣ ለእኔም ትንሽ አስቀርልኝ እንጂ» ብላ ለምናው ነበር። ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስለ ኳስ ክርክር ተነሣና ባትሪው ዘጠኝ ተኩል ላይ አለቀ።

እንዲህ ሆኖ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እሷ ታወራለች፣ እሱ ቅንድቡን ያነሳል ወይም ይጥላል። እሁድ እሁድ ቤቱ በዘመድ ስለሚሞላ ተራ አይደርሳትም። አንድ ዓመት ከአራት ወር አለፋቸው።

አንድ እሁድ ከዘመዶቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ከሩቅ እያየችው ቆጠረች። አንድ ቃል ከጀመረ ጣቱ አይቆምም። ከቃል ወደ ቃል ሲሄድ ግን ያስባል፤ አሥር ሰከንድ፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት። ለሰው ይህ ምንም አይደለም። ለማሽን ግን ሙሉ እንቅልፍ ነው፤ መሣሪያው ግን ያንን ሁሉ ጊዜ ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቃል።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ሁለት ሰከንድ ንክኪ ከሌለ ፕሮሰሰሩም ተኛ፣ የስክሪኑ መስታወትም ተኛ። የተኛ መስታወት በየትኛው ጥግ በኩል እንደተነካ በግምት ያውቃል፤ የትኛው ፊደል እንደተነካ ግን አያውቅም። ነቅቶ ቦታውን ለመለየት ዘጠና ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ ጣቱ ሳይነሳ መድረስ አለበት። ቤተ ሙከራው ውስጥ ባለችው የጎማ ጣት አሥር ሺህ ጊዜ አስነካችው፤ አንድም አልሳተም። በራሷም ጣት ሞከረች። እሁድ ማታ በአባቷ መሣሪያ ላይ ጫነችለት።

ሰኞ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ስትደርስ፣ ጉንፋን የያዘው ድምፅ «አመሸሽ» አላት።

እጇ መጋረጃው ላይ ቀረ። ከዚያ «መንገዱ ተዘግቶ ነው፣ አባዬ» አለች፣ በየቀኑ ለሚጠይቃት ሰው እንደምትመልስ።

ያን ሳምንት አባቷ መድኃኒቱን ለመዋጥ እምቢ እያለ እስከ ሁለት ተኩል ያወራ ነበር። ፀጉር ቆራጩ በዳማ ሲያጭበረብር እንደያዘው ነገራት፤ ድሮ ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቆ ነበር ጠጠር የሚሰርቀው። ማክሰኞ ማታ ሾርባውን እያጠጣችው ሳለ ድንገት ማንኪያዋን ገፋ አደረገና ጻፈ፤ «ፀጉርሽን ለምን አሳጠርሽው?»

ፀጉሯን ካሳጠረችው ስምንት ወሯ ነው።

«አያምርም?»

«ያምራል። ልጠይቅሽ ፈልጌ ነው።»

ዓርብ አለቃዋ ሪፖርቱን ጠየቃት። ማሻሻያው ሰኞ ጠዋት ለአንድ ሺህ አንድ መቶ ተጠቃሚዎች ሊላክ ነው። ለሪፖርቱ ቁጥር ያስፈልጋታልና በአባቷ ፈቃድ የመሣሪያውን መዝገብ ከፈተች። መዝገቡ ምን እንደተባለ አይጽፍም፤ መስታወቱ መቼና የት እንደተነካ ብቻ ይመዘግባል። በስሌቷ መሠረት ባትሪው እስከ ሦስት ተኩል መቆየት ነበረበት። የቆየው እስከ ሁለት ከአርባ ነው። የሆነ ነገር እየቀሰቀሰው ነው።

የሚቀሰቅሰውን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ከእያንዳንዱ ቃል በፊት አንድ ንክኪ አለ፤ ከላይ በግራ ጥግ፣ ምንም ፊደል በሌለበት ባዶ ቦታ። ከእሱ በኋላ አንድ ሰከንድ ዝምታ። ከዚያ ቃሉ። ሐሙስ ብቻ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ። ረቡዕም እንዲሁ። ማክሰኞም። ሰኞ ግን አንድም የለም፤ በምትኩ ሰኞ ዕለት የፊደል ማጥፊያው ሁለት መቶ ጊዜ ተነክቷል።

በቃል መጀመሪያ ላይ የሚደረገው ንክኪ እየጠፋ ነበር ማለት ነው። ደግሞም አንድ ሰው ይህን አውቆ ዝም ብሏል።

ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤቱ ገባች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዳማ ላይ አቀርቅረዋል።

«ጋሼ» አለች ፀጉር ቆራጩን፤ «አባዬ ከመጻፉ በፊት ጥግ ጥጉን የሚነካው ምን ሆኖ ነው?»

«የቱን ጥግ?»

«አይተውታል።»

«እኔ የሰው ማጅራት ነው የማየው።»

«ጋሼ!»

«ወይ ጣጣ! አትንገር ተብያለሁ እኮ።» ጠጠሩን አስቀመጠ። «ያንኳኳል። ያንኳኳና ይጠብቃል፣ ከዚያ ይጽፋል። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሲደናበር ዋለ፤ የቃሉ ሁሉ ራስ እየተቆረጠ። እኔ እስቃለሁ፣ እሱ ይናደዳል። በማግስቱ ዘዴውን አገኘው። ምነው ቢሉት፣ ‹ተኝቶ ነው፣ ልጄ ናት ያስተኛችው፤ ቀስ ብዬ ልቀስቅሰው› አይለኝ መሰለሽ?»

አባቷ ጣቱን ወደ ጥጉ ላከ። ጠበቀ። ጻፈ። «አንተ አሳባቂ።»

«ዝም ብለህ ተጫወት፣ ተራህ ነው!»

እሷ ግን ጣቱን ነበር የምታየው። ትኩስ ብርጭቆ እንደነካ ሰው ገና ሳያርፍ ይነሳል። እጁ ግራ ነው፤ ከስትሮኩ በኋላ የተማረው አነካክ ነው፤ ሃምሳ ሚሊሰከንድ ቢሞላ ነው። በየቀኑ ሾርባ ስታጠጣው ይህን ጣት አይታዋለች። የሞከረችው ግን በጎማዋ ነው፤ የጎማዋ ጣት ደግሞ ስትሮክ መትቷት አያውቅም።

ከጎኑ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርከኝም?»

ንክኪ። ዝምታ። «ደስ ብሎሽ ነበር።»

«ሰኞ ለሁሉም ሊላክ ነው፣ አባዬ።»

«ይላካ።»

«ማንኳኳቱን ማን ይነግራቸዋል?»

«ንገሪያቸዋ። እኔ በራሴ አውቄው የለ?»

«አንዲት ሴትዮ አለች፤ የምትጽፈው በእግሯ ጣት ነው። አንድ ቃል ደቂቃ ይፈጅባታል። እሷንም አንኳኪ ልበላት?»

አባቷ መስታወቱን አየ። ጣቱ ተነሣ፣ ጥጉን ነካ፣ ጠበቀ።

«አይ።» ከዚያ እንደገና ነካ፣ ጠበቀ። «እንደ ድሮው ልንሆን ነው?»

«እንደ ድሮው እንኳ አይሆንም። መስታወቱን በከፊል ብቻ አስተኛዋለሁ፤ የትኛው ፊደል እንደተነካ ሳይጠፋው። ትንሽ ይበላል።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

በልቧ አሰላች። «አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።»

«አንቺ የምትመጪው አንድ ሰዓት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያንን ለእነሱ ስጪ። የእኔን እንዳለ ተይልኝ። ማንኳኳት አይከብደኝም።»

እሺ ልትል ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ በሩ ላይ «አመሸሽ» ሲላት ሰምታለች፤ ያንን መልሶ ማጣት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ያቺን ቀላል ጣት አየቻት፤ በቀን አራት መቶ ጊዜ ለምንም ነገር ስትነሳና ስትወድቅ፣ ያውም ማሽኑን እንዳታስቀይም።

«አልተውልህም» አለች። «አዲሱን የምሞክረው በአንተ ጣት ነው። ከአንተ የቀለለ ጣት ቢሮው ውስጥ የለም።»

አባቷ ቅንድቡን አነሳ። ይህኛው ያለ ባትሪም ይገባታል። ቢሆንም ነካ፣ ጠበቀ፣ ጻፈ። «ደመወዙስ?»

«ድሮስ መቼ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ያውቅበታል!» አለ ፀጉር ቆራጩ፣ ይህን ሲል አንድ ጠጠር በእጁ ውስጥ ሰወረ። ጉንፋን የያዘው ድምፅ «መልስ» አለው።

እሷ ወደ ደጅ ወጥታ አለቃዋ ጋ ደወለች።

«ሰኞ አይላክም» አለችው።

«ሞግዚቷ፣ ምን ነካሽ? ፈተናውን አልፏል እኮ!»

«ያለፈው የጎማዋን ጣት ነው።»

የሆነውን ነገረችው። ከዚያ ለደንበኞች ምን ብሎ እንደሚጽፍ አጉረመረመ፣ «ስንት ሳምንት?» አለ። ሦስት አለችው።

ሦስቱ ሳምንታት አራት ሆኑ። በእያንዳንዱ ቅዳሜ አዲሱን ሙከራ ይዛ ፀጉር ቤቱ ትሄድና አባቷ አጠገብ ተቀምጣ የሳተውን ትቆጥራለች። በአራተኛው ቅዳሜ ከስድስት መቶ ቃላት አንድም አልሳተም። ጥጉን መንካት ግን ስለለመደበት እስከ እኩለ ቀን ድረስ ነካው፤ «ተው፣ አባዬ፣ ነቅቷል» እያለች ጣቱን በጣቷ ስትይዝበት ነው ያቆመው።

ባትሪው አሁን እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ከአርባ ይቆያል። ማሻሻያው ሰኞ ለሁሉም ይላካል። እሷም ቢሮ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቷ እንዲቀየር ማመልከቻ አስገብታለች፤ አለቃዋ ዓርብ ፈርሞበታል። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትገባለች፣ አሥር ሰዓት ላይ ትወጣለች።